አባቱ ሲዛወር ልጁ ለምን ክፍል ይወርዳል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባለቤቴ የመከላከያ ሠራዊት አባል ነው። እስከ ሐምሌ ድረስ ቢሾፍቱ ነበርን። አሁን ጎንደር መጥተን አዘዞ ቤት ተከራይተናል። እሱ ግን ከነሐሴ ጀምሮ ግዳጅ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 10 ዓመቱ ነው። ቢሾፍቱ የተማረው በኦሮምኛ ነው። የአባቱ ቋንቋ ነው፣ ትምህርት ቤቱም ለቤታችን ቅርብ ነበር። ንባብ ይከብደዋል፣ ሐሳቡም ቶሎ ይበተናል። እዚያ አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት በሳምንት 3 ቀን ለብቻው እያወጣች ታስጠናው ነበር። ፈተና ሲሆን ጥያቄውን ታነብለታለች። እንዲህ እየተደገፈ 3ኛ ክፍልን አለፈ፤ ካርዱ ላይም ‹ወደ 4ኛ ክፍል ተዛውሯል› ይላል። እዚህ ስናስመዘግበው ፊደል አስነበቡትና 2ኛ ክፍል አስገቡት። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። መምህሩ ‹አማርኛ እየተናገረ ማንበብ ካቃተው አእምሮው ላይ ችግር አለ፣ አስመርምሪው› አለኝ። ልጄ ከታናሽ እህቱ እኩዮች ጋር መቀመጥ አሳፍሮት ጠዋት ጠዋት ‹ሆዴን አመመኝ› ይላል። ሌሊት ፍራሽ ማርጠብ ጀምሯል፤ ከ4 ዓመቱ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከየት ልጀምር? ክፍል መውረዱንስ ልቀበል? ነገ ደግሞ ሌላ ቦታ ብንዛወርስ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልብሽ ትንሽ እንዲያርፍ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ከጻፍሽልኝ ውስጥ የልጅሽ አእምሮ ተጎድቷል የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። ያገኘሁት ሌላ ነው። ልጁ ጎንደር መጥቷል፤ ስለ ልጁ የሚታወቀው ነገር ግን ቢሾፍቱ ቀርቷል። የት ሲቀመጥ እንደሚሰማ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚታገሥ፣ ምን ሲባል እንደሚኮማተር ያቺ መምህርት ታውቃለች። እውቀቱ እሷ ዘንድ ነው፤ ወረቀት ላይ አልሰፈረም። እዚህ ያለው መምህር እጅ የገባው አንድ ካርድና ፊደል ያላወቀ ልጅ ነው።

በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የወታደር፣ የፖሊስ፣ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ልጆች ሲመጡ የማየው ይህንኑ ነው። ቤት ሲለቀቅ ፍራሹ ይጫናል፣ ቡታጋዙ ይጫናል፣ ወንበሩ ይጫናል። ድጋፉ ግን አይጫንም። ልጁ በአዲሱ ትምህርት ቤት እንደገና ከዜሮ መታወቅ ይጀምራል። እስኪታወቅ ድረስም ዓመቱ ያልቃል።

አሁን ያለሽበት ጎንደር በዚህ ጉዳይ የቆየ ልማድ አለው። የአብነት ተማሪ አንዱን ደብር ለቆ ወደ ሌላው ሲሄድ አዲሱ የኔታ ዝም ብለው ከሀሁ አያስጀምሩትም። «እስከየት ደርሰሃል?» ይሉታል። ያስነብቡታል፣ ያደምጡታል። ከዚያ ከደረሰበት ይቀጥላል። ዳዊት የደረሰው ዳዊቱን ይዞ ይቀመጣል። ገና የሆነው ከታላቁ ተማሪ ሥር ሆኖ ፊደል ይቆጥራል። ግቢው አንድ ነው፣ የእያንዳንዱ ትምህርት ግን የራሱ ነው። እኛ ዛሬ «የግል የትምህርት ዕቅድ» የምንለው ነገር ሥሩ ላይ ያለው ይኸው ጥያቄ ነው። ልጅሽን «ይህን ፊደል ታውቃለህ?» ያለው ሰው አለ። «እስከየት ደርሰሃል?» ያለው ግን የለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ክፍል መውረዱን ልቀበል ወይ ላልሽው፣ አትቀበዪ። ግን አትጣዪም።

ለምን አትቀበዪም? 10 ዓመት የሞላው ልጅ ከ7 እና ከ8 ዓመት ልጆች ጋር ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚማረው ፊደል አይደለም። «እኔ ደደብ ነኝ» የሚለውን ነው የሚማረው። ጠዋት ጠዋት የሚመጣው የሆድ ሕመም ይህ ነው። ሕመሙ የውሸት አይደለም፤ ሲጨንቀው ሆዱ በእውነት ይቆርጠዋል። በዚያ ላይ 2ኛ ክፍል የሚሰጠው ሒሳብና ሌላው ትምህርት እሱ ያለፈው ነው። የሚያውቀውን ሲደግሙለት ሐሳቡ የባሰ ይበተናል። ያን ጊዜ ደግሞ «ይኸው፣ አልነግራችሁም?» ይባላል።

ለምንስ አትጣዪም? መምህሩ ከ60 በላይ ልጅ ይዞ ነው የቆመው። ክፋት አይደለም ያናገረው። ያየውን ተናገረ። እሱን ከጎንሽ ካላደረግሽ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ለልጁ የሚቆምለት ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ወደ ርዕሰ መምህሩ ስትሄጂ መሀል መንገድ ይዘሽ ሂጂ። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ካርዱ ወደ 4ኛ መዛወሩን ይናገራል። እስከ ሁለተኛው ሴሚስተር ድረስ 4ኛ ክፍል ይቀመጥና ይታይ። ፊደል የሚቆጠርበትን የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ታች ክፍል ገብቶ ይማር፣ ወይም የልዩ ፍላጎት መምህር ካላችሁ እሱ ጋ ይቆጥር። ቤት ደግሞ እኔ በየቀኑ አስቆጥረዋለሁ።» ይህን ያልኩት ብዙ ርዕሰ መምህራን «አይሆንም» ለማለት የሚቸገሩበት ጥያቄ ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤቱን «ተሳስታችኋል» አይልም። ጊዜ ብቻ ይጠይቃል።

የሕግ ድጋፍ አለሽ ወይ? አለሽ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናትን በሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት፣ ማለትም ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው ስለሚማሩበት ትምህርት ነው። የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ትምህርት ሚኒስቴርም በ2004 ዓ.ም. ያወጣው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ አለ። የመማር ችግር ያለባቸው ልጆችም በዚህ ውስጥ ናቸው፤ ማየትና መስማት የተሳናቸው ብቻ አይደሉም። ይህን ሁሉ ግን በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ አትዘርግፊው። በሕግ የተከፈተ ንግግር ቶሎ ይደርቃል። በእጅሽ እንዳለ ማወቅሽ ይበቃል። እምቢ ካሉሽ ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ስትሄጂ ታነሺዋለሽ።

የሌላ አገር ነገር ላንሳ፣ ስለሚጠቅምሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ የወታደር ልጆች ከግዛት ግዛት ስለሚዛወሩ ግዛቶቹ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ስምምነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ መዋል የጀመረ ነው። ዛሬ 50ውም ግዛቶች ገብተውበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ልጁ ሲመጣ በነበረበት ክፍል ይቀመጣል። ዋናው ማስረጃ እስኪመጣ በእጅ የተያዘው ግልባጭ ይሠራል። ልዩ ድጋፍ ያገኝ ከነበረ አዲሱ ትምህርት ቤት ተመጣጣኝ ድጋፍ ከመጀመሪያው ቀን ይሰጠዋል። የራሱን ምርመራ ማድረግ ከፈለገ ድጋፉ እየተሰጠ ያደርጋል። ቅደም ተከተሉን አየሽው? ድጋፉ ይቀድማል፣ ምርመራው ይከተላል። ላንቺ የተነገረሽ ተቃራኒው ነው፤ «መጀመሪያ አስመርምሪ» ነው የተባልሽው። ይህ ስምምነት እኛ አገር አይሠራም፤ ጠቅሰሽ ልትከራከሪበት አትችዪም። ቅደም ተከተሉን ግን ልትለምኚበት ትችያለሽ። ልጁን ፊት ወንበር ላይ ለማስቀመጥ የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

ልጅሽ ላይ ሦስት ነገር ተደራርቧል። የፊደል ለውጥ አለ። የቆየ የንባብ ችግር አለ። ጭንቀት አለ። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሦስቱም «ልጁ አያነብም» ነው የሚባሉት። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው።

ከፊደሉ እንጀምር። መምህሩ «አማርኛ እየተናገረ» ያለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። መናገር ሌላ፣ ማንበብ ሌላ። ልጅሽ አማርኛን ቤትና ሰፈር ለመደ እንጂ በፊደል አልተማረም። በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ነው ማንበብ የተማረው። በቁቤ አናባቢውና ተነባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ። «ቡ» ለማለት ሁለት ምልክት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በእኛ ፊደል ደግሞ ድምፁ አንድ ቅርጽ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። 33 ፊደል በ7 ድምፅ ሲባዛ 231 ቅርጽ ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። በዚያ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ በድምፅ አይለዩም። ሰ እና ሠም፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ይህን የአዘዞ ልጅ ከኬጂ ጀምሮ ነው ሲለማመደው የኖረው። ልጅሽ በሁለት ሳምንት እንዲያውቀው ተጠብቆ፣ ሳያውቀው ሲቀር ተፈረደበት።

ሒሳብም ላይ ይኸው ይደርሳል። «ደምር» ሲባል ይፈዝ ይሆናል። «ኢዳኡ» ብትዪው ግን ይደምራል። «ቀንስ» ሲባል ያልገባው ነገር «ሂርኢሱ» ሲባል ይገባዋል። እውቀቱ አለ፣ ስሙ ነው የተቀየረው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እቤት ይህን አድርጊ። እሑድ፣ ረፍት ሲኖረው፣ ከቁርስ በኋላ። ቢሾፍቱ የተማረበትን የ2ኛ ወይም የ3ኛ ክፍል የኦሮምኛ መጽሐፍ አውጪ። ከሌለሽ የድሮ ጓደኛ እናት አንድ ገጽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልሽ። ያንን ያንብብልሽ። አታርሚው። ስልክሽ ላይ ድምፁን ቅጂው። ቀጥሎ ያነበበው ስለ ምን እንደሆነ በፈለገው ቋንቋ ይንገርሽ። ከዚያ ቃል የሌለበት የሒሳብ ጥያቄ በቁጥር ብቻ ጻፊለት። በመጨረሻ አንቺ አንድ አጭር ተረት በአማርኛ ንገሪውና መልሶ ይንገርሽ። ሁሉም ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይሄድ። ከደከመው ተዪው፣ ሰኞ ማታ ትቀጥላላችሁ።

ውጤቱን እንዲህ ነው የማየው። በቁቤ ደህና አንብቦ፣ ሒሳቡን ሠርቶ፣ ተረቱን መልሶ ከነገረሽ የጎንደሩ ችግር በአብዛኛው የፊደል ነው። ትጋት ይፈልጋል እንጂ ምርመራ አይፈልግም። በቁቤም ቃል እየዘለለ፣ እየገመተ፣ መስመር እየጠፋበት ካነበበ ግን ተረቱን አሳምሮ ከነገረሽ የንባብ ችግሩ አብሮት የመጣ ነው። እውነተኛ የንባብ ችግር ቋንቋ ሲቀየር አይጠፋም፤ በሁለቱም ፊደል ይታያል። ይህ ልጅ አስተሳሰቡ ሙሉ ነው፣ በጆሮው ሲማር ይገባዋል፣ በዓይኑ ሲሆን ይቸገራል። ጥያቄ ሲነበብለት ማለፉም ይህንኑ ይናገራል። የእኔ ግምት ሁለቱም አለበት ወደሚለው ያዘነብላል፤ የንባብ ችግር ላለበት ልጅ አዲስ ፊደል እጥፍ ሸክም ነው። ተረቱንም መልሶ መንገር ካቃተው፣ ሁለት ሦስት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መያዝ ካልቻለ፣ ያኔ ሰፋ ያለ ምርመራ እንነጋገራለን።

ፊደሉን እንዴት ታስቆጥሪዋለሽ? ሀ ሁ ሂ ብሎ ከላይ እስከ ታች በዜማ ማስወረድ ለሌላ ልጅ ይሆናል። ለእሱ አይሆንም። ዜማውን ይሸመድደዋል፣ ፊደሉን ግን አያየውም። በጥቂቱ ጀምሪ፦ በ፣ ለ፣ ሰ፣ ከ። የቅርጹን ምስጢር አሳዪው። ቡ፣ ሉ፣ ሱ፣ ኩ ሁሉም ቀኝ ጎናቸው ላይ ትንሽ ጭረት አለች። ቢ፣ ሊ፣ ሲ፣ ኪ ጭረቷ ቀኝ እግራቸው ላይ ወረደች። ቤ፣ ሌ፣ ሴ፣ ኬ እግራቸው ላይ ቀለበት አሠሩ። ሳድሱና ሳብዑ እንዲህ አይታዘዙም፤ እነሱን ቆይተሽ አምጪ። ጎኑ ላይ በቁቤ ይጻፈው። የሚያውቀውን መጣል የለበትም፣ ይሻገርበት። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ልቅሶ ነው የሚያመጣው። አሸዋ ላይ፣ ዱቄት ላይ በጣቱ ይጻፍ፤ እጁ የያዘውን ዓይኑ አይረሳም።

የቤት ሥራው ይህ ነው። አሁን ወደ አካሉ።

ማንም «አእምሮ» ሳይል በፊት ዓይኑና ጆሮው መታየት አለበት። በዚህ ረገድ ጎንደር መሆንሽ ዕድል ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ሆስፒታሉ የዓይን ሕክምና አለው፣ ዩኒቨርሲቲው የኦፕቶሜትሪ (የዓይን እይታ ምርመራና መነጽር) ባለሙያም ያሠለጥናል። መስመር እየጠፋበት የሚያነብ ልጅ መነጽር ብቻ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ቆይቶ የሚመላለስ የጆሮ ፈሳሽም መስማትን ያደበዝዛል፤ 60 ልጅ ባለበት ክፍል ኋላ የተቀመጠ ልጅ ግማሹን አይሰማም። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈሽ ሂጂ። የውጤቱን ወረቀት እነሱ ጋ አትተዪው፤ ግልባጭ ያዢ። ዩኒቨርሲቲው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ክፍልም አለው፤ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚረዳ ሙያ) ትምህርትም ይሰጣል። እነዚህ ትምህርት ቤቱ እርዳታ ሊጠይቃቸው የሚችል ሰዎች ናቸው። ርዕሰ መምህሩ በደብዳቤ ቢጠይቅ አንቺ በእግርሽ ከምትዞሪው ይሻላል።

የፍራሹ ነገር። ለዓመታት ደርቆ ያደረ ልጅ እንደገና ሲጀምር ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛው ሕመም ነው። ሲሸና የሚያቃጥለው ከሆነ፣ ውሃ አልጠግብ ካለ፣ ከከሳ፣ ቀንም ቶሎ ቶሎ ከሸና ነገ ዛሬ ሳትዪ ውሰጂው። ስኳርም የሽንት ኢንፌክሽንም በቀላል ምርመራ ይታወቃሉ። ሁለተኛው ጭንቀት ነው፤ ያንቺ ልጅ ደግሞ በቂ ምክንያት አለው። ቤት ተቀየረ፣ ጓደኛ ቀረ፣ መምህርቱ ቀረች፣ አባቱ ሄደ። ይህ ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ! አትቆጪው። እህቱ ፊት አታንሺበት። ፍራሹን ፀሐይ ላይ ስታወጪ ጎረቤት እንዳያይ ይጨነቃል፤ በጓሮ በኩል አውጪው። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ ከሽንቱ ይልቅ በፍራሹ ነው የሚያፍረው።

ስለ አባቱ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ግዳጅ ላይ ያለ አባት መቼ እንደሚደውል አያውቅም። ልጁ ግን ይጠብቃል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ይነሣል። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሐሳቡ የሚበተነው ወደየት ይመስልሻል? ስለዚህ ለባለቤትሽ ንገሪው፤ መስመር ባገኘ ሰዓት አጭር የድምፅ መልእክት ለልጁ ብቻ ይቅዳለት። «ዛሬ ምን ቆጠርክ?» ይበለው። በኦሮምኛ ይሁን። ልጁ ማታ ማታ መልሶ ያዳምጠዋል። «አባትህ መቼ ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ የማታውቂውን ቀን አትስጪው። «ቀኑ አልተነገረንም፤ ሲነገረን ለአንተ በመጀመሪያ እነግርሃለሁ» በዪው። በልጅ ጆሮ ያልተፈጸመ ቀን ውሸት ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። ከመምህሩ ብዙ አትጠይቂ። 60 ልጅ ያለው ሰው አምስት ነገር ከጠየቅሽው አንዱንም አያደርግም። ሦስት ብቻ ጠይቂ። ፊት ይቀመጥ። የፈተና ጥያቄ ይነበብለት፣ መልሱን በቃል ይስጥ። ፊደል እስኪያውቅ ድረስ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ክፍሉ ፊት አይነሣ። ሦስቱም ገንዘብ አይፈልጉም። አጠገቡ አንድ ጎበዝ ልጅ ከተቀመጠለት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። የአካቶ ትምህርት መርጃ ማዕከል በሁሉም ትምህርት ቤት የለም። ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ «በእኛ ጉድኝት (በአንድ ላይ በተቧደኑት በአቅራቢያችን ትምህርት ቤቶች) ውስጥ መርጃ ማዕከል ያለው የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ማዕከሉ በዙሪያው ላሉትም እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ተዘዋዋሪ መምህር ካላቸው በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ይምጣ።

እዚህ ላይ ከራሴ ልጨምር። ከዓመታት በፊት እንዲሁ ከሌላ ክልል የመጣች የወታደር ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤቷ «የአእምሮ ዝግመት» ብሎ ጽፎላት ወደ ልዩ ክፍል ላካት። እኔም ወረቀቱን አምኜ ተቀበልኳት። በራሷ ቋንቋ አላስነበብኳትም። በሦስተኛው ወር ሌላ ተማሪ ከእሷ አገር መጥቶ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ልጅቷ መጽሐፉን እየገለጠች ታሪክ ትነግረው ነበር። ደርቄ ቀረሁ። ሦስት ወሯን ወሰድኩባት። የልጅሽ መምህር «አእምሮ» የሚለውን ቃል ካርድ ላይ ወይም ፋይል ላይ እንዳይጽፍ አደራ የምልሽ ለዚህ ነው። «የንባብ ድጋፍ ያስፈልገዋል» ብሎ ይጻፍ። የተጻፈ ስም ከልጅ ጋር ይዛወራል። ድጋፍ ግን እንዳየሽው አይዛወርም።

አሁን ነገ ብንዛወርስ ወዳልሽው። ትዛወሩ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ክላሰር ግዢ። ልብስ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከራስሽ ጋር፣ ከቀበሌ መታወቂያሽና ከክትባት ካርዱ ጋር የሚሄድ ይሁን። ካርዶቹና መልቀቂያዎቹ ይግቡበት። የዓይንና የጆሮ ውጤት ይግባበት። ከእያንዳንዱ ሴሚስተር አንድ የደብተር ገጽ ቅደጂ፣ ቀን ጻፊበት፤ ጥሩውንም መጥፎውንም። ሁሉንም ፎቶ አንሺና ለራስሽ ቴሌግራም ላኪ። ወረቀት ይርሳል፣ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ገጽ ነው፤ አንቺ የምትጽፊው። አዲስ መምህር ፋይል አያነብም፣ አንድ ገጽ ግን ያነባል። ይህን የመሰለ፦

«ስሜ እገሌ ነው። 10 ዓመቴ ነው። በኦሮምኛ 3ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ አማርኛ እናገራለሁ፣ ፊደል በመማር ላይ ነኝ። ሲነበብልኝ ይገባኛል። ራሴ ሳነብ መስመር ይጠፋብኛል። ሒሳብ እወዳለሁ። ፊት ስቀመጥና ሥራው አጭር አጭር ሲሆን እጨርሳለሁ። ሰው ፊት ሲቆጡኝ እዘጋለሁ፤ ለብቻዬ ሲነገረኝ እሰማለሁ። አባቴ ግዳጅ ላይ ነው፤ አንዳንድ ቀን አዝኜ እመጣለሁ። የቀድሞ መምህርቴ ስልክ ከታች አለ፣ ብትደውሉላት ደስ ይላታል።»

ያንን ስልክ አሁን ጠይቂ። ለቢሾፍቷ መምህርት ዛሬ ማታ ደውዪላት። አሥር ደቂቃ ብቻ ትናገርልሽ፤ አንቺ ቅጂ። ምን ትሠራ ነበር? የትኛው ሠራ? የትኛው አልሠራም? ምን ዓይነት ጥያቄ ነበር የምታነብለት? ከፈቀደች አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የጎንደሩን መምህር በስልክ አገናኚያቸው። ሁለት መምህራን አሥር ደቂቃ ካወሩ ሦስት ወር ይተርፋል። በደብዳቤ የማይደርስ ብዙ ነገር በስልክ ሲደርስ አይቻለሁ።

መዛወር ሲመጣም ባለቤትሽ ከወዲሁ የሚያደርገው አለ። የልጁን ሁኔታ ለክፍሉ አዛዥ ወይም የሰው ኃይል ለሚይዘው ቢሮ አሁን፣ ሰላም ሆኖ ሳለ፣ በጽሑፍ ያሳውቅ። «በዓመቱ መጨረሻ ቢሆንልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሁልጊዜ አይሆንም፤ ግዳጅ ግዳጅ ነው። ካልሆነ ደግሞ እሱ ይቅደም፣ እናንተ ሰኔን ጨርሳችሁ ተከተሉ። ከቻላችሁ። ኪራዩ በሁለት ቤት ከባድ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ስለዚህ የምትችሉትን እናንተ ታውቃላችሁ። ትእዛዙ እንደደረሰ ግን መጀመሪያ የሚነገረው ሰው ርዕሰ መምህሩ ይሁን። መልቀቂያ በአንድ ቀን ይጻፋል፤ ስለ ልጁ የሚጻፍ ግማሽ ገጽ ግን ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የምትሄዱበት ከተማ የትምህርት ቋንቋ ምን እንደሆነም ያን ቀን ጠይቂ። አማርኛ ከሆነ የጎንደሩ ልፋት አይጠፋም። ሌላ ከሆነ ፊደሉን ሳይረሳ አዲሱን ይጨምራል። እንዲህ እያሉ በሦስት ቋንቋ የሚያነቡ የወታደር ልጆች አውቃለሁ።

እሑድ የምትቀጅውን የንባብ ድምፅ ላኪልኝ። ያነበበውን ገጽ ፎቶ አብረሽ ላኪ፣ ካልሆነ የት እንደዘለለ አላውቅም። ርዕሰ መምህሩ ጋ ማክሰኞ ሂጂ፤ ሰኞ ስብሰባና ሰልፍ ይበዛባቸዋል። ልጁን ይዘሽው አትግቢ። እሱ ሳይሰማ ይወራ።